ቤት ውስጥ በተሠራ ሰርኪዩት ቦርድ ላይ ቀጭኑ መስመር ጠፍቶ ሰፊው መዳብ ለምን ይቀራል?

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው በሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ለእንቁላል መፈልፈያ ሳጥን የሙቀት መቆጣጠሪያ ቦርድ ቤቴ ውስጥ ለመሥራት ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱም ተበላሹብኝ። ቦርዱ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር፣ በአንድ በኩል መዳብ የተለበጠ ነው። ንድፉን ፎቶ ኮፒ ቤት በሌዘር አሳትሜ በልብስ ካውያ ወደ መዳቡ አስተላለፍኩ፤ ወረቀቱ ሲላጥ መስመሮቹ ሙሉ ነበሩ። ከዚያ ከፋርማሲ የገዛሁትን 100 ሚሊ ሊትር ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ አንድ የቡና ሲኒ አቼቶና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ቀላቅዬ ቦርዱን ነከርኩት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ፈሳሹ መዳቡን መብላቱን ስላቆመ አሳደርኩት። ጠዋት ሳየው ቀጫጭኖቹ መስመሮች ጠፍተዋል፤ ሰፊው ቦታ ላይ ግን መዳቡ አረንጓዴ ለብሶ ተቀምጧል። ጥፋቱ የካውያው ሙቀት ነው? የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ብጨምርበት ይፈጥናል? የቀረውን አረንጓዴ ፈሳሽ ሃይላንድ ውስጥ ከድኜ አስቀምጫለሁ፤ የት ልድፋው? ንድፌንም አያይዣለሁ።»

ወደ ምላሹ ከመግባቴ በፊት አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። የተከደነውን ሃይላንድ፣ ይህን ንባብ አቋርጠውም ቢሆን፣ ወደ ውጭ ያውጡትና ፊትዎን ዞር አድርገው ክዳኑን ቀስ በቀስ ያላሉት። ፐርኦክሳይድ መዳብ በሟሟበት ፈሳሽ ውስጥ ራሱን እየፈታ ኦክስጅን ይለቃል፤ መዳቡም ይህንኑ መፈታት ያፋጥነዋል፤ ስለዚህ የተከደነ ጠርሙስ እየተነፋ ሄዶ ሊፈነዳ ይችላል። ሁለተኛው ስጋት ግን እኔን ከፍንዳታው ይበልጥ ያሳስበኛል፦ በአገራችን ሃይላንድ ማለት የሚጠጣ ውኃ ማለት ነው፣ አረንጓዴ ፈሳሽ የያዘ ሃይላንድ ደግሞ ለሕፃን ዓይን ለስላሳ መጠጥ ነው። ፈሳሹን ሰው ምግብ ወይም መጠጥ ይቀመጥበታል ብሎ ወደማያስበው ሰፊ አፍ ያለው የፕላስቲክ ባልዲ ያዛውሩት፣ በጉልህ ይጻፉበት፣ ሳይከድኑ ልጅና ዶሮ ከማይደርስበት ቦታ ያኑሩት። የት እንደሚደፋ በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ካውያው እንምጣ። ይህ ዓይነቱ ብልሽት ሲያጋጥም ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጥረው ካውያውን ነው፤ በእርስዎ ጉዳይ ግን ካውያው ንጹሕ ይመስለኛል። የካውያ ጥፋት የሚታየው ገና ወረቀቱ ሲላጥ ነው፤ ቶነሩ (መዳቡን ከፈሳሹ የሚጋርደው የሌዘር ማተሚያ ዱቄት ቀለም) ከወረቀቱ ጋር ተነሥቶ ይቀራል፣ ወይም መስመሩ ተጨፍልቆ ከጎረቤቱ ጋር ይያያዛል። እርስዎ እንደጻፉት መስመሮቹ ፈሳሹ ውስጥ ሲገቡ ሙሉ ነበሩ፤ የተበላሹትም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባለፈው ረጅም ሌሊት ነው። እንግዲህ መጠየቅ ያለብን ፈሳሹ ለምን ሌሊት እንዳስፈለገው ነው።

አብረን እናስላው። ለገበያ የሚቀርበው የተለመደ ቦርድ የመዳቡ ውፍረት 35 ማይክሮ ሜትር ነው። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላይ ይህ 0.35 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ መዳብ ይሆናል፣ ክብደቱም 3.1 ግራም ያህል ነው። በላኩት ንድፍ ላይ የሚቀረው መስመርና ፓድ (የዕቃው እግር የሚበየድበት መዳብ) በዓይን ግምት ከአንድ አምስተኛ ስለማይበልጥ፣ ፈሳሹ መብላት የነበረበት 2.5 ግራም ያህል መዳብ ነው። አንድ ግራም መዳብ ለማሟሟት በኬሚስትሪው ስሌት 18 ሚሊ ሊትር ባለ 3 በመቶ ፐርኦክሳይድና 38 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ አቼቶ ያስፈልጋል። ለእርስዎ ቦርድ 45 ሚሊ ሊትር ፐርኦክሳይድና 95 ሚሊ ሊትር አቼቶ ማለት ነው፤ ይህም ምንም ሳይባክን ሁሉም በሥራ ላይ ቢውል ነው። የፐርኦክሳይዱ መጠን በቂ ነበር። አቼቶው ግን አንድ የቡና ሲኒ፣ ማለትም ከ60 እስከ 70 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለነበር፣ አሲዱ ሥራው ሁለት ሦስተኛ ላይ ሲደርስ አልቋል። በመዳቡ ላይ ያዩት አረንጓዴ ልባስም የዚሁ ምስክር ነው፤ አሲድ ሲያልቅ የመዳብ ጨው በፈሳሹ ውስጥ መቆየት ስለማይችል ገና ባልተበላው መዳብ ላይ ዘቅጦ ይሸፍነዋል።

ታዲያ ፈሳሹ ሞቶ ከነበረ ቀጫጭኖቹን መስመሮች ማን በላቸው? ሙሉ በሙሉ አልሞተም ነበር። የተሟሟው መዳብ ከጨው ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው የመዳብ ክሎራይድ፣ ከአየር በሚገባው ኦክስጅን እየታደሰ፣ ራሱ በዝግታ መዳብ ይበላል። በሰፊው ቦታ ላይ ዝቃጩ መዳቡን ስለጋረደው ብዙም አልነካውም። ፈሳሹ በቀላሉ የሚደርስበት የመስመር ጠርዝ ግን ክፍት ነበር። ማንኛውም የሚበላ ፈሳሽ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም፣ በቶነሩ ሥር ሠርጎ ይበላል፤ በጥሩ ሁኔታ በፍጥነት ባለቀ ሥራ እንኳ ከእያንዳንዱ ጠርዝ በመዳቡ ውፍረት ልክ፣ 35 ማይክሮ ሜትር ያህል፣ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ 0.2 ሚሊ ሜትር ሆኖ የተሣለ መስመር ከሁለት በኩል ተቀንሶ 0.13 ሆኖ ይወጣል። ሌሊቱን ሙሉ ሲቀመጥ ግን መስመሩ ከሥሩ ተቦርቡሮ ያልቃል፤ በዚያ ላይ ቶነሩ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት ከላይም ይጠቃል። በአጭሩ፣ መስመርዎን የሚያድነው ቦርዱ ፈሳሽ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ማሳጠር ነው፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

አቼቶውን ብቻ በእጥፍ መጨመር ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን አቼቶ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ በጨመሩት ቁጥር ፐርኦክሳይዱን ያቀጥነዋል፣ የቀጠነ ፈሳሽ ደግሞ ይዘገያል። ለቤት ሥራ እኔ የምመርጠው ደረቅ አሲድ ነው። 100 ሚሊ ሊትር ባለ 3 በመቶ ፐርኦክሳይድ ውስጥ 30 ግራም ሲትሪክ አሲድና 5 ግራም የገበታ ጨው ይሟሙ፤ ይህ መጠን በብዙ አገር ያሉ የእጅ ሠሪዎች ለ100 ሴንቲ ሜትር ካሬ ቦርድ የሚጠቀሙበት ነው፣ ከላይ ባሰላነው መሠረትም አሲዱ ተርፎት ፐርኦክሳይዱም ይበቃዋል። ሲትሪክ አሲድ ለምግብና ለመጠጥ ማምረቻ የሚሸጥ እንደ ስኳር ያለ ነጭ ዱቄት ነው፤ ሽታ የለውም፣ እንደ ጠንካራ አሲዶች ጭስ አይለቅም፣ በአጠገቡ ያሉ መሣሪያዎችን አያዝግም። ፐርኦክሳይዱ ግን አዲስ ይሁን፤ ጠርሙሱ ተከፍቶ ወራት የቆየ ከሆነ ኃይሉ ወጥቷል። የጸጉር ማቅለሚያ ክሬም ውስጥ ያለውን ፐርኦክሳይድ አይሞክሩ፣ ቅባቱ መዳቡን ይጋርደዋል።

ሙቀት ይርዳዎት። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው፤ በአብዛኛው የኬሚካል ሥራ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ በእጥፍ ገደማ ስለሚያድግ፣ ቦርድን ለሌሊት መተው ከሰዓቱም ከሙቀቱም መክሰር ነው። ሥራውን በቀትር ያድርጉት። ፈሳሹን የያዘውን የፕላስቲክ ሳህን ትኩስ ውኃ ባለበት ሰፊ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው 40 ዲግሪ ገደማ ላይ ይያዙት፤ ከዚያ በላይ ከሞቀ ፐርኦክሳይዱ መዳቡን ትቶ በአረፋ ያልቃል። ሳህኑ በምንም ዓይነት ብረት፣ በተለይም አሉሚኒየም፣ መሆን የለበትም።

ቦርዱን ደግሞ መዳቡን ወደ ላይ አድርገው አያስተኙት፤ ዝቃጩ ላዩ ላይ ይወርዳል። በቀስታ ፊቱን ወደ ታች አድርገው ቢያስቀምጡት በፈሳሹ ላይ ይንሳፈፋል፣ ዝቃጩም ራሱ ይወርዳል። ትልቅ ቦርድ ከሆነ በጀርባው ላይ ፕላስተር ለጥፈው እንደ እጀታ ይያዙት። በየሁለት ደቂቃው እያነሡ ከሥሩ የታፈነ አረፋ ካለ ያባርሩ፤ አረፋ የተቀመጠበት ቦታ ክብ መዳብ ሆኖ ይቀራል። በዚህ አያያዝ ሥራው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ሰዓቱ አልፎ ያልተበላ ቦታ ከታየ ደግሞ መጠበቅ አይጠቅምም፤ ቦርዱን አውጥተው በውኃ ያለቅልቁት፣ አዲስ ፈሳሽ ያዘጋጁና ይቀጥሉ።

ፌሪክ ክሎራይድ (መዳብ የሚበላ የብረት ጨው) ካገኙ ሥራው ይበልጥ ይቀላል። ቢጫማ ቡናማ ጓሉን ወይም ዱቄቱን ለ1 ሊትር ውኃ 500 ግራም ያህል አድርገው ያሟሙታል፤ ሁልጊዜ ዱቄቱን ወደ ውኃው እንጂ ውኃውን ወደ ዱቄቱ አይጨምሩ፣ ሲሟሟ ይሞቃልና። ፈሳሹ አዲስ ሆኖ 40 ዲግሪ ላይ የእርስዎን ቦርድ በ10 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል፣ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ግን እስከ 40 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ያ አንድ ሊትር በስሌት እስከ 59 ግራም መዳብ ሊያሟሟ ይችላል፤ በተግባር ግማሹ ላይ ሳይደርስ ስለሚዘገይ ከ8 እስከ 10 የሚሆን የእርስዎ ዓይነት ቦርድ ይሠራል ብለው ያስቡ። ጉዳቱ እድፉ ነው፤ ልብስ ላይ፣ ሴራሚክ ላይ፣ የእጅ ማጠቢያ ላይ ያረፈ ጠብታ ቢጫ ሆኖ ይኖራል፣ የማይዝገውን ብረት እንኳ ይበላል። እኔ ጋቢ ለብሼ ስሠራ ያገኘሁት ነጠብጣብ እስከ ዛሬ አለ፤ ባለቤቴም አልረሳችውም።

የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድን በተመለከተ መልሴ አይሆንም ነው፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ፐርኦክሳይድ ተቀላቅለው መዳብን በፍጥነት እንደሚበሉ እውነት ነው፤ በፋብሪካም የመዳብ ክሎራይድ ፈሳሽ በዚህ መንገድ ይታደሳል። ፋብሪካው ግን የአየር መሳቢያና የመጠን መቆጣጠሪያ አለው። በቤት ውስጥ መጠኑ ከበዛ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ይህም ሳንባን ያቃጥላል፤ ጭሱም ከግድግዳ ግድግዳ እየዞረ ካውያዎን፣ ፒንሳዎንና ያልተበየዱትን የትራንዚስተር እግሮች ሁሉ ያዝጋል። በዚያ ላይ ሽንት ቤት ማጽጃ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዱ አሲድ ሲሆን ሌላው በረኪና ነው። በረኪና ከማንኛውም አሲድ ጋር፣ ከአቼቶም ከሲትሪክ አሲድም ጋር ቢሆን፣ ሲገናኝ ያንኑ ጋዝ ይለቃል። ለ2.5 ግራም መዳብ ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

ካውያውን ነጻ አደረግሁት ማለት ግን የማስተላለፉ ሥራ ችላ ይባላል ማለት አይደለም፤ በደንብ ያልተጣበቀ ቶነር በአንድ ሰዓት ውስጥም ይነሣል። ከሁሉ በፊት የመዳቡ ንጽሕና ነው። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ከ400 እስከ 600 ባለው ቁጥር፣ በውኃ እያራሱ ይፈግፍጉት፣ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጠቡት፣ ከዚያ ቀጥ አድርገው ውኃ ያፍስሱበት። ውኃው አንድ ወጥ ሆኖ ከሸፈነው ንጹሕ ነው፤ እየተሰነጠቀ ወደ ጠብታ ከተሰበሰበ የጣት ቅባት ቀርቶበታል፣ ይደገም። ከዚያ በኋላ ጠርዙን ብቻ ይያዙ።

ወረቀቱ ላይ ሰዎች ብዙ ገንዘብ ያጠፋሉ፣ እኔ ግን አላጠፋም። አንጸባራቂ የመጽሔት ገጽ ይሠራል፤ ከዚያ የሚሻለው ግን ማስታወቂያ የሚያትሙ ቤቶች ስቲከሩን ልጠው የሚጥሉት የጀርባ ወረቀት ነው። ቶነር በላዩ አይጣበቅም፣ ስለዚህ በካውያ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ ወደ መዳቡ ያልፋል፣ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍም አያስፈልገው። ስቲከሩ ራሱ ግን ማተሚያው ውስጥ ተላጦ ሊቀር ስለሚችል ጀርባውን ብቻ፣ ጠርዙን በተራ ወረቀት ላይ በፕላስተር አጣብቀው ይስጧቸው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሌዘር መሆኑን ያረጋግጡ፤ በቀለም የሚያትመው ማሽን ቶነር የለውም፣ ቀለሙም መዳብን አይከላከልም። ቶነር የመቆጠብ ምርጫው ይጥፋ፣ መጠኑም 100 በመቶ ይሁን፤ «ከገጹ ጋር አስማማ» የሚለው ምርጫ ተነክቶ ከሆነ የአይሲው (ባለ ብዙ እግሩ ቺፕ) እግሮች አይገጥሙም። ከመተኮስዎ በፊት አይሲውን ወረቀቱ ላይ አስቀምጠው ይለኩ፤ በእግሮቹ መካከል ያለው ርቀት 2.54 ሚሊ ሜትር ነው፣ ባለ 28 እግር አይሲ ላይ ትንሽ ስሕተት እንኳ መጨረሻው ላይ ጎልቶ ይታያል። የመገልበጥ ጥያቄ ደግሞ ብዙዎችን ያሳስታል፤ ደንቡ ቀላል ነው፦ በወረቀቱ ላይ ፊደሉ ተገልብጦ ከታየ በመዳቡ ላይ ቀንቶ ይነበባል። ለዚህ ሲባል በእያንዳንዱ ንድፍ ላይ አንድ ፊደል መጻፍ ልማዴ ነው።

ካውያው ውስጥ ውኃ አይኑር፤ ሙቀቱ ለጥጥ በሚለው ላይ ይሁን። ከቦርዱ ሥር እንጨትና የታጠፈ ጨርቅ ያድርጉ፣ በሴራሚክ ወለል ላይ ከተኮሱ ወለሉ ሙቀቱን ይወስድብዎታል። መጀመሪያ ለግማሽ ደቂቃ ሳያንቀሳቅሱ ይጫኑት፣ ወረቀቱ ከያዘ በኋላ በካውያው ጫፍ በተለይ ጠርዞቹን እየዞሩ 3 ደቂቃ ያህል ይጨምሩ። አመሻሽ ላይ የመብራቱ ኃይል ሲወርድ ካውያው ቶሎ አይሞቅም፤ 220 ቮልት ወደ 190 ሲወርድ የካውያው ኃይል ወደ ሦስት አራተኛ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ይታገሡት። ሳይበርድ አይላጡት። የተቋረጠ መስመር ካለ በቋሚ ማርከር ወይም በጥፍር ቀለም ይሞላል።

ንድፍዎን ሳየው ሁለት ነገር አስተዋልሁ። አንደኛው ከዚህ ሁሉ ጋር የተያያዘ ነው፦ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሁሉ ማስበላት አያስፈልግም። ባዶውን ቦታ ከዜሮ ቮልት ጋር በተያያዘ መዳብ ይሙሉት፤ የሚበላው ከ2.5 ግራም ወደ 1 ግራም ገደማ ሊወርድ ይችላል፣ ጊዜውም ፈሳሹም ዝቃጩም ይቀንሳል። ኪካድ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ከሆነ ይህ በአንድ ትእዛዝ የሚሠራ ነው። 0.2 ሚሊ ሜትር ያሉትን መስመሮች ሁሉ ወደ 0.6፣ የእግር ፓዶቹን ቢያንስ ወደ 1.8 ሚሊ ሜትር ያስፉ፤ ቦታው ይበቃዎታል።

ሁለተኛው ከባድ ነው፣ ቦርዱ ቢሳካልዎትም ዝም ብዬው የማላልፈው ነው። ሪሌይዎ (በትንሽ ቮልት የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ሳጥኑን የሚያሞቁትን አምፖሎች በ220 ቮልት ያበራል። ሁለት ባለ 60 ዋት አምፖል የሚስበው 0.55 አምፔር ብቻ ስለሆነ የመስመሩ ስፋት ችግር አይሆንም፤ በ35 ማይክሮ ሜትር መዳብ ላይ 0.3 ሚሊ ሜትር መስመር 1 አምፔር ቢያሳልፍ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ይጨምራል፤ እኔ ግን በእጅ የተበላ መስመር ሸረፋ ስለማያጣው እዚያ ላይ 2 ሚሊ ሜትር አደርጋለሁ። የሚያስፈራው ርቀቱ ነው። የመረጡት ርካሽ ሰማያዊ ባለ 5 እግር ሪሌይ የ220ው የጋራ እግር በሁለቱ የጥቅል (ማብሪያውን የሚስበው የሽቦ ጥቅል) እግሮች መካከል ነው ያለው፤ በፓዶቹ ጠርዝ መካከል የሚቀረው 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የሙቀት መለኪያው ሽቦ ደግሞ ከዝቅተኛው ቮልት ጋር ተያይዞ የውኃ ሳህን ባለበት ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ እርስዎም እንቁላል ሲያገላብጡ በእጅዎ ይነኩታል። በ220ውና በቀሪው ሰርኪዩት መካከል ከ6 ሚሊ ሜትር በታች ርቀት እኔ አልቀበልም። የጥቅሉ እግሮች በአንድ ጫፍ፣ የመቀያየሪያው እግሮች በሌላው ጫፍ ያሉበትን ረዘም ያለ ሪሌይ ይፈልጉ። የሞሉት የዜሮ ቮልት መዳብም ከዚያ ክልል ፈጽሞ ይራቅ።

መፈልፈያ ሳጥን እርጥብ ነው፤ እንቁላሎቹ 21 ቀን በ37.5 ዲግሪ ገደማ ሲቆዩ አየሩ ውስጥ ሆን ተብሎ እርጥበት ይጠበቃል። ስለዚህ ቦርዱ ከሳጥኑ ውጭ በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ይቀመጥ፣ ወደ ውስጥ የሚገባው የመለኪያው ሽቦ ብቻ ይሁን። ቶነሩን በአሴቶን የሚያጥቡት ቦርዱ በውኃ ተለቅልቆ ከደረቀ በኋላ ነው፤ የአሴቶን እጣቢም ሆነ የነከረ ጨርቅ ከፐርኦክሳይዱ ፈሳሽ ጋር ፈጽሞ እንዳይገናኝ፣ የሚፈነዳ ነገር ሊፈጠር ይችላል። ባዶው መዳብ ብዙ ሳይቆይ ስለሚጠቁር መስመሩን በብየዳ ሊድ ቀለል አድርገው ይቀቡት፣ ብየዳው ሲያልቅም ሮዚን (ለብየዳ የሚያገለግል የዛፍ ሙጫ) በአልኮል አሟሙተው ይቀቡበት። ስለ መብሳት የምለው አጭር ነው፦ ለአይሲና ለሬዚስተር 0.8፣ ለዳዮድ 1.0፣ ለሽቦ ማያያዣው 1.3 ሚሊ ሜትር ፑንታ፤ የፋይበር ቦርድ ብናኝ የመስታወት ብናኝ ስለሆነ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ ቦርዱንም እያራሱ ይብሱ።

የመጨረሻው ጥያቄዎ የት ልድፋው የሚለው ነው፤ በሐዋሳ ይህ ከሌላው ከተማ ይለያል። ሐይቃችን የሚወጣለት ወንዝ የለውም። የጥቁር ውኃ ወንዝ ያመጣለትን፣ የክረምት ጎርፍ ከየመንደሩ ጠርጎ ያመጣለትን ሁሉ ይቀበላል፤ ውኃው ይተናል፣ የመጣው መዳብ ግን ወደ ታችም ወደ ባሕርም የሚሄድበት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የሚፈቅደው መዳብ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ነው፤ ከአንድ ቦርድዎ የወጣውን 2.5 ግራም እዚያ ልክ ላይ ለማድረስ 1,250 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። ይህም ለሰው ነው፤ ዓሣ መዳብን የሚቀበለው በሚተነፍስበት አካሉ በኩል ስለሆነ ከዚያ እጅግ ባነሰ መጠን ይጎዳል። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ የምንበላው ቆሮሶና አምባዛ ከዚሁ ውኃ ነው የሚወጣው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም፣ ወደ ውጭም እንዳይለቅ ታስቦ ማጣሪያ የተሠራለት ያለ ምክንያት አይደለም። ቱቦ ውስጥም፣ ጓሮ ያለው ጉድጓድ ውስጥም፣ ሽንት ቤትም አይድፉት።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። ባልዲውን ሳልከድን አረፋው ፈጽሞ እስኪቆም ጥቂት ቀናት አቆየዋለሁ። ከዚያ የድስት መፈተጊያ የብረት ሽቦ ወይም የዛጉ ምስማሮች እጨምርበታለሁ፤ ብረቱ እየሟሟ መዳቡ በቦታው ቀይ ጭቃ ሆኖ ይወርዳል፣ ፈሳሹም ከሰማያዊነቱ ይላቀቃል። ብዙ ጽሑፎች ሶዳ ወይም ኖራ ጨምሮ ማዝቀጥን ይመክራሉ፤ ለፌሪክ ክሎራይድ ጥሩ ነው፣ አረፋው ስለሚገነፍል ዕቃው ሰፊ ይሁን እንጂ። ሲትሪክ አሲድ ግን መዳብን አቅፎ ስለሚይዝ በሶዳ ብቻ ሙሉ በሙሉ አይዘቅጥም፤ ውኃው ሰማያዊ ሆኖ እንደቆየ ያዩታል። ስለዚህ ከብረቱ በኋላ የቀረውን ሁሉ በሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ አድርጌ ዝናብ በማይደርስበት፣ በወንፊት ሽቦ በተሸፈነ ቦታ ለፀሐይ እሰጠዋለሁ፤ በበጋ አንድ ሊትር ብዙ ቀን አይቆይም። ከታች የሚቀረውን ደረቅ ቅሪት ከቀይ ጭቃው ጋር በጓንት ሰብስቤ ከሲሚንቶና ከጥቂት ውኃ ጋር አቦካለሁ፣ በአሮጌ የፕላስቲክ የቀለም ባልዲ ውስጥም እያፈሰስሁ አደርቀዋለሁ። የእርስዎ የሦስት ሙከራ ፈሳሽ በዚህ መንገድ አንድ የሻይ ብርጭቆ የማይሞላ ሲሚንቶ ይሆናል፤ የእኔ ባልዲ ከስንት ዓመት በኋላ ገና ግማሽ ላይ ነው።